የዕፅዋትን ቫኪዩል በዓይን ለማየት፦ ከሽንኩርት ልጣጭና ከጨው ውሃ ጋር የሚሠራ መመሪያ

«የሽንኩርቱን ልጣጭ በማይክሮስኮፕ አየነው። ግድግዳው አለ፤ ኒውክለሱ አለ፤ ቫኪዩሉ ግን የለም። የት ሄደ?»

ይህ ጥያቄ ከተማሪም፣ ቤተ ሙከራ ከሚያስተምር መምህርም በየጊዜው ይደርሰኛል። አብዛኛውን ጊዜ ፎቶግራፍ ተያይዞ ይመጣል። ፎቶግራፉ ላይ በአዮዲን ቢጫ የሆነ ኒውክለስ ከሕዋሱ ጥግ ተለጥፏል፤ የቀረው የሕዋሱ ክፍል ምንም የሌለበት ንጹሕ ሜዳ ይመስላል። ጠያቂው ጠፋ የሚለውን ነገር ስፍራ እየተመለከተ ነው፤ ያ ንጹሕ ሜዳ በሙሉ የቫኪዩሉ፣ ማለትም በሕዋሱ ውስጥ ያለው የፈሳሽ ከረጢት፣ ቤት ነው።

ይህን በቃል ብመልስም ብዙ ሰው አያምነኝም፤ ደግሞም አልፈርድበትም። ስለዚህ ቫኪዩሉ በዓይናችሁ ፊት ሲሸማቀቅና ተመልሶ ሲነፋ የምታዩበትን ሥራ ከነምክንያቱ እዚህ አስቀምጫለሁ። ዋናው ሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ማይክሮስኮፕ የሌላችሁ ደግሞ በስተመጨረሻ ያሉትን ሁለት ሥራዎች ብቻ መሥራት ትችላላችሁ።

ከመጀመራችሁ በፊት፦ የምትፈልጉት ነገር ምን ይመስላል?

እድገቱን በጨረሰ የዕፅዋት ሕዋስ ውስጥ ቫኪዩል በፈሳሽ የተሞላ አንድ ትልቅ ከረጢት ነው። ከሕዋሱ መጠን እስከ 90 በመቶ የሚሆነውን ሊይዝ ይችላል። ሳይቶፕላዝሙ (የሕዋሱ ሕያው ዝልግልግ ይዘት) እና ኒውክለሱ (የሕዋሱ አስኳል) በቀረችው ጠባብ ቦታ ከግድግዳው ጋር ተጣብቀው ይኖራሉ። ገና በመከፋፈል ላይ ባለ ሕዋስ፣ ለምሳሌ በሥር ጫፍ፣ ቫኪዩሎቹ ትንንሽና ብዙ ናቸው፤ ሕዋሱ እያደገ ሲሄድ እየተዋሐዱ አንድ ይሆናሉ። ስለዚህ የሥር ጫፍ ይዛችሁ ትልቁን ቫኪዩል አትፈልጉ።

ከረጢቱን የሚከብበው ቶኖፕላስት የሚባል ስስ ሽፋን ነው። ሽፋኑ ከተራ ማይክሮስኮፕ አቅም በታች ስለሆነ መስመሩን አታዩትም። የምታዩት በውስጡ ያለው ፈሳሽ የሚያልቅበትን ድንበር ነው፤ ያም የሚታየው ፈሳሹ ቀለም ሲኖረው ነው። የዚህ ሥራ ብልሃት ሁሉ እዚህ ላይ ያርፋል።

ፈሳሹ የሕዋስ ጭማቂ ይባላል። አብዛኛው ውሃ ነው፤ በውሃው ውስጥ ግን ብዙ ነገር ሟሙቷል። ፖታሲየም፣ ክሎራይድና ናይትሬትን የመሳሰሉ አዮኖች፣ ስኳሮች፣ እንደ ማሊክና ሲትሪክ ያሉ አሲዶች፣ ቀለሞች፣ እንዲሁም ተክሉን የሚበላውን እንስሳ የሚያባርሩ መራራና መርዛማ ውሁዶች ይገኙበታል። በአንዳንድ ተክሎች ውስጥ የካልሲየም ኦክሳሌት ስብርባሪ መስታወት የሚመስሉ ክሪስታሎች ይታያሉ። ያረጁ የሕዋስ ክፍሎችን የሚያፈርሱ ኢንዛይሞችም እዚያው ናቸው። በዘር ውስጥ ደግሞ ቫኪዩል የፕሮቲን ጎተራ ይሆናል።

አንድ ነገር ልብ በሉ፤ በኋላ ያስፈልገናል። ጭማቂው አሲዳማ ነው። የሳይቶፕላዝም ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል) 7 አካባቢ ሲሆን የቫኪዩሉ ብዙውን ጊዜ 5.5 ገደማ ነው፤ በሎሚ ፍሬ ውስጥ እስከ 2.5 አካባቢ ይወርዳል። ይህ ልዩነት በራሱ አይጸናም። ቶኖፕላስቱ ላይ የተተከሉ ፓምፖች ኃይል እያወጡ የሃይድሮጅን አዮንን ወደ ውስጥ ሲገፉ ነው የሚኖሩት።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- 1 ቀይ ሽንኩርት፣ ሥጋማ ድራቡ ከውጭ በኩል ሐምራዊ የሆነ። በአማርኛ ቀይ ሽንኩርት የምንለው ሁሉ ቀይ አይደለም፤ ገለባው ቀልቶ ውስጡ ነጭ የሆነው ለዚህ ሥራ አይሆንም። ቆርጣችሁ አረጋግጡ።
- ማይክሮስኮፕ፣ 10 እና 40 እጥፍ የሚያጎሉ ኦብጄክቲቭ ሌንሶች (ከስላይዱ በላይ ያሉት) ያሉት
- የመስታወት ስላይድና ስስ መሸፈኛ መስታወት፣ 4 ወይም 5 ጥንድ
- አዲስ ምላጭ፣ ወረንጦ፣ መርፌ
- የፈሳሽ ማንጠባጠቢያ፣ 3 (ለእያንዳንዱ ፈሳሽ የየራሱ)
- ማጥለያ ወረቀት ወይም ሶፍት፣ በጣት ስፋት የተቆረጠ
- የጨው ውሃ፦ 5 ግራም ጨው በትንሽ ውሃ አሟሙታችሁ ውሃ በመጨመር 100 ሚሊ ሊትር ላይ አድርሱት
- ንጹሕ ውሃ
- ለቀለም ለውጡ፦ በውሃ በጣም የቀጠነ አሞኒያ፣ ኮምጣጤ
- ማይክሮስኮፕ ለማይጠይቁት ሥራዎች፦ ድንች፣ ቀይ ሥር፣ ብርጭቆዎች፣ ሙቅ ውሃ፣ ቴርሞሜትር፣ ማስመሪያ

ማስጠንቀቂያ

ምላጩን ከጣታችሁ በተቃራኒ አቅጣጫ አንቀሳቅሱ፤ ሽንኩርት ያንሸራትታል። አሞኒያ ዓይንንና የመተንፈሻ አካልን ያቃጥላል፤ መስኮት ከፍታችሁ፣ መነጽርና ጓንት አድርጋችሁ በጠብታ ብቻ ሥሩ። አሞኒያንና በረኪናን በአንድ ዕቃ፣ በአንድ ማንጠባጠቢያ፣ በአንድ ማፍሰሻ ቦታ እንኳ አታገናኙ፤ ሲቀላቀሉ መርዛማ ጋዝ ይፈጥራሉ። ቤተ ሙከራ የገባ ሽንኩርት፣ ድንችና ቀይ ሥር ተመልሶ ወደ ማእድ ቤት አይሄድም።

ዋናው ሥራ

1. ሽንኩርቱን ከላይ እስከ ታች ለአራት ክፈሉት። ደረቁን ገለባ ጣሉትና ከሥጋማዎቹ ድራቦች አንዱን ለዩ። ድራቡ እንደ ጎድጓዳ ሳህን ነው፤ ጎድጓዳውን ፊት ተዉት፣ የጎበጠውንና ሐምራዊውን ፊት ወደ ላይ አድርጉ። ምክንያቱም ቀለም የያዙት ሕዋሳት በዚያ ፊት ላይ ያለው አንድ ድርድር ናቸው። የጎድጓዳው ፊት ልጣጭ በቀላሉ ስለሚነሳ ብዙ ሰው ወደዚያ ያዘነብላል፤ ግን ቀለም የለውም፤ ቀለም ከሌለው ደግሞ ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ተመለስን ማለት ነው።

2. በሐምራዊው ፊት ላይ በምላጭ 5 ሚሊ ሜትር በ5 ሚሊ ሜትር የሆነ ካሬ በስሱ ጫሩ። አትቁረጡ፤ ጫሩ ብቻ። አንዱን ጥግ በወረንጦ ይዛችሁ በዝግታ ወደ ጎን ሳቡ። የሚነሳው ነገር እንደ ቀጭን ላስቲክ ብርሃን ማሳለፍ አለበት። ነጭ ሥጋ ተከትሎ ከመጣ ወፍራም ነው፤ ብርሃን አያሳልፍም፤ ሌላ ጫሩ። ሦስት አራት ጊዜ መሞከር የተለመደ ነው። አንዳንድ ጊዜ የካሬው መሀል ወፍራም ሆኖ ጠርዙ ስስ ይወጣል፤ ያም ይበቃል።

3. ስላይዱ ላይ አስቀድማችሁ አንድ ጠብታ ውሃ አኑሩ፤ ልጣጩን ወዲያውኑ እዚያ ላይ አንጥፉት። በአየር ላይ ከቆየ ይጠቀለላል፤ ሕዋሳቱም ይደርቃሉ። የምንፈልገው ሕያው ሕዋስ ነው። የሞተ ሕዋስ ቶኖፕላስቱ ስለሚበሳ ከዚህ በኋላ የሚመጣው ሁሉ አይሠራም። ልጣጩ ከታጠፈ በመርፌ አቃኑት።

4. መሸፈኛ መስታወቱን አንዱን ጠርዝ ውሃው ላይ አሳርፋችሁ፣ ሌላውን ጠርዝ በመርፌ ደግፋችሁ ቀስ ብላችሁ አውርዱ። ከላይ በቀጥታ ከጣላችሁት የአየር አረፋ ይታሰራል። አረፋ ጥቁር ወፍራም ጠርዝ ያለው ክብ ሆኖ ይታያል፤ በየጊዜው «ቫኪዩሉን አገኘሁት» ተብሎ ከሚላክልኝ ፎቶግራፍ ግማሹ አረፋ ነው።

5. በ10 እጥፍ ኦብጄክቲቭ ተመልከቱ። እንደ ጡብ ግንብ የተደረደሩ ረጃጅም ሕዋሳት ታያላችሁ፤ አንዳንዱ ጽኑ ሐምራዊ፣ አንዳንዱ ፈዘዝ ያለ ሮዝ፣ አንዳንዱ ባዶ። ባዶዎቹ ብዙውን ጊዜ ስትልጡ የተቀደዱ ናቸው፤ ቀለማቸው ፈስሷል። እነሱን ትታችሁ ቀለማቸው ሞልቶ ግድግዳውን የነካ ሕዋሳት ያሉበትን ቦታ ምረጡ። ከመሸፈኛው ጠርዝ ብዙ ያልራቀ ቢሆን ይመረጣል፤ ጨዋማው ውሃ ፈጥኖ ይደርስበታል።

6. አሁን ወደ 40 እጥፍ ኦብጄክቲቭ ቀይሩና አንድ ሕዋስ ላይ ቆዩ። የዲያፍራሙን (ከስላይዱ በታች ያለውን የብርሃን መቆጣጠሪያ) ቀዳዳ ጠበብ አድርጉት፤ ብርሃኑ ሲቀንስ የነገሮች ጠርዝ ይጎላል። ሐምራዊው ቀለም ሕዋሱን ከጥግ እስከ ጥግ የሞላው ይመስላል። በደንብ ካያችሁ ግን በቀለሙ ውስጥ ቀለም የሌለው ክብ ወይም ሞላላ ቦታ ታገኛላችሁ፤ ኒውክለሱ ነው፤ ሐምራዊው ጭማቂ ወደ ውስጡ ስለማይገባ ነጥቶ ይታያል። አንዳንዴ ከኒውክለሱ ተነስተው ቫኪዩሉን የሚያቋርጡ ቀጫጭን የሳይቶፕላዝም ክሮች ይኖራሉ። በክሮቹ ላይ ደቃቅ ቅንጣቶች እየተንሸራተቱ ሲሄዱ ካያችሁ ሕዋሱ ሕያው ለመሆኑ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም። ይህን ሕዋስ ሣሉት፤ በኋላ ከሚሆነው ጋር ታወዳድሩታላችሁ።

7. ወደ 10 እጥፍ ኦብጄክቲቭ ተመለሱ። ይህን ደረጃ አትዝለሉት፤ የ40 እጥፉ ሌንስ ስላይዱን ሊነካ ምንም ያህል ስለማይቀረው ጨዋማ ውሃ ይነካዋል። ከመሸፈኛው መስታወት በአንዱ ጎን አንድ ጠብታ ጨው ውሃ አድርጉ፤ በተቃራኒው ጎን የማጥለያ ወረቀቱን ጫፍ አስጠጉ። ወረቀቱ ውሃውን ሲመጥጥ ጨዋማው በልጣጩ ላይ ይሳባል። ሁለት ሰው ብትሆኑ ጥሩ ነው፤ አንዱ ያንጠባጥብ፣ ሌላው ዓይኑን ከሌንሱ አይንቀል።

8. ጠብቁ፤ ብዙም አትጠብቁም። በአንድ ወይም በሁለት ደቂቃ ውስጥ የቀለሙ ጥጎች ይሞረዳሉ። መጀመሪያ ከሕዋሱ ማዕዘኖች ይለቅቃል፤ በማዕዘኑና በቀለሙ መካከል ነጭ ሦስት ማዕዘን ይከፈታል። ከዚያ ጎኖቹ ይላቀቃሉ። በመጨረሻ ሐምራዊው ነገር ጡብ ከሚመስለው ግድግዳ መሀል እንቁላል የመሰለ ኳስ ሆኖ ይቀራል፤ አንዳንዴም ሁለት ቦታ ይከፈላል። ግድግዳው ከስፍራው አልተነቃነቀም። ይህ ፕላዝሞሊሲስ ይባላል።

የቀለሙን ጽናት አስተውሉ፤ ኳሱ ሲያንስ ቀለሙ ይጠቁራል። ውሃው ሲወጣ ቀለሙ አልወጣም ማለት ነው። ያው የቀለም መጠን በትንሽ ውሃ ውስጥ ታጨቀ። ቶኖፕላስቱ ውሃን እያሳለፈ ቀለምን እንደሚያግድ በዓይናችሁ ያያችሁት እዚህ ላይ ነው። ውሃው የወጣው ደግሞ ውጪ ያለው ፈሳሽ ከጭማቂው ይልቅ የሟሟ ነገር ስለበዛበት ነው፤ ውሃ የሟሟ ነገር ወደሚበዛበት ይሄዳል።

በኳሱና በግድግዳው መካከል የተከፈተውን ቦታ የሞላው ምንድን ነው? ብዙ ሰው «አየር» ይላል። አየር አይደለም፤ ጨው ውሃው ነው። የሕዋስ ግድግዳ ውሃንም ጨውንም ያሳልፋል፤ የሚያግደው ከግድግዳው ውስጥ ሳይቶፕላዝሙን የሚከብበው የሕዋስ ሽፋን ነው።

9. ጨዋማውን አስወግዱ። በአንድ ጎን ንጹሕ ውሃ እያንጠባጠባችሁ በሌላው ጎን በወረቀት ምጠጡ፤ 3 ወይም 4 ጠብታ ያስፈልጋል። በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ኳሱ ተመልሶ ይነፋል፤ ቀለሙ ይፈዛል፤ ጥጎቹም ይሞላሉ። ሁሉም ሕዋስ አይመለስም። ውሃው በችኮላ ሲገባ የሚፈነዱ አሉ፤ ቀለማቸው በድንገት ይጠፋል። ለዚህ ነው ቀስ በቀስ የምንጨምረው። በጨው ውስጥ 20 ደቂቃ ያቆያችሁት ልጣጭ ላይ ብዙዎቹ ይሞታሉ፤ ስለዚህ ያያችሁትን ሣሉና ወዲያው ወደ ውሃው እለፉ።

ተመልሶ የተነፋ ቫኪዩል ግድግዳውን ከውስጥ ይገፋል፤ ግድግዳውም መልሶ ይገፋዋል። በብዙ ተክሎች ይህ ግፊት ከመኪና ጎማ ውስጥ ካለው ይበልጣል። እንጨት የሌለው ለስላሳ ተክል ቀጥ ብሎ የሚቆመው በዚሁ ነው፤ ውሃ ሲጎድለው የሚጠወልገውም ግፊቱ ስለሚወርድ ነው። ቁጠባም አለበት፤ ሕዋሱ ውድ የሆነውን ሳይቶፕላዝም ሳያበዛ በርካሹ ውሃ ይገዝፋል።

ጭማቂው ምን ያህል የጠነከረ እንደሆነ መለካት ከፈለጋችሁ

ይህ ለታጋሽ ሰው ነው፤ ካልፈለጋችሁ ዝለሉት። ከጨው ይልቅ ስኳር ተጠቀሙ፤ ለሕዋሱ የዋህ ነው። በ100 ሚሊ ሊትር መጠን ውስጥ 6.8፣ 10.3፣ 13.7፣ 17.1 እና 20.5 ግራም ስኳር ያለባቸው አምስት ውህዶች አዘጋጁ። እነዚህ በሊትር 0.2፣ 0.3፣ 0.4፣ 0.5 እና 0.6 ሞል ይሆናሉ። ከአንዱ ድራብ የተላጡ ቁራጮችን በየውህዱ ውስጥ 20 ደቂቃ አቆዩ፤ ከዚያ በራሱ በተነከሩበት ውህድ ስላይድ ላይ አድርጋችሁ ተመልከቱ። በውሃ ካደረጋችሁት ልኬቱ ተበላሸ። ከእያንዳንዱ 50 ሕዋስ ቁጠሩና ስንቱ ከማዕዘኑ እንደለቀቀ ጻፉ። ግማሽ ያህሉ መልቀቅ የጀመረበት ውህድ ከጭማቂው ጥንካሬ ጋር በግምት እኩል ነው።

ቀለሙን መቀየር፦ ጭማቂው አሲድ መሆኑን ማየት

በሽንኩርቱ ውስጥ ያለው ቀለም አንቶሲያኒን ይባላል። በአሲድ ውስጥ ቀይ፣ ወደ ገለልተኛነት ሲጠጋ ሐምራዊ፣ በአልካላይ ውስጥ ሰማያዊና አረንጓዴ ይሆናል። ተክሉ ራሱ በቫኪዩሉ ውስጥ የአሲድ መለኪያ አስቀምጦልናል ማለት ነው።

10. አዲስ ልጣጭ በውሃ ላይ አዘጋጁና ሕያው ሐምራዊ ወይም ሮዝ ሕዋሳት ፈልጉ።

11. በጣም የቀጠነ አሞኒያ አንድ ጠብታ በመሸፈኛው ጎን አድርጋችሁ በወረቀት ሳቡ። ቀለሙ ወደ ሰማያዊ ከዚያም ወደ አረንጓዴ ይሻገራል። አሞኒያን የመረጥነው ቻርጅ የሌለው ትንሽ ሞለኪውል ስለሆነ የሕዋሱን ሽፋንም ቶኖፕላስቱንም ሳይበሳ አልፎ ስለሚገባ ነው። ወደ ውስጥ ሲደርስ የአሲዱን ሃይድሮጅን ይወስዳል፤ ፒኤቹም ከፍ ይላል። ለውጡ በአንዴ በሁሉም ሕዋስ አይሆንም። ከጠርዝ ወደ መሀል ሕዋስ በሕዋስ ይሄዳል፤ በሮዝና በሰማያዊ ሕዋስ መካከል ያለችው ግድግዳ ጎልታ የምትታይበት ደቂቃ አለች፤ እንዳታመልጣችሁ።

12. በተመሳሳይ መንገድ አንድ ሁለት ጠብታ ኮምጣጤ ሳቡ። ቀለሙ ወደ ቀይ ይመለሳል። ቀለሙ ተመለሰ ማለት ግን ሕዋሱ ሕያው ነው ማለት አይደለም፤ በዚህ ጊዜ ብዙዎቹ ሞተዋል። ስለዚህ ይህን ልጣጭ ለፕላዝሞሊሲስ መልሳችሁ አትጠቀሙበት።

ሐምራዊ ሽንኩርት ካላገኛችሁ ቀለም አልባውን ልጣጭ ኒውትራል ሬድ በሚባል ማቅለሚያ ማቅለም ትችላላችሁ፤ 0.01 ግራም በ100 ሚሊ ሊትር የቧንቧ ውሃ፣ ለ10 ደቂቃ። ማቅለሚያው ቻርጅ ሳይዝ ወደ ቫኪዩሉ ይገባል፤ እዚያ አሲዱ ሃይድሮጅን ይጨምርበትና ቻርጅ ያሲዘዋል፤ መውጫም ያጣል። ቫኪዩሉ እየቀላ ሲሄድ ታያላችሁ፤ ከዚያ የጨው ውሃውን ሥራ በዚሁ ላይ መሥራት ይቻላል።

ማይክሮስኮፕ ለሌላችሁ፦ ሁለት ሥራዎች

ድንች። እያንዳንዳቸው 5 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ስፋትና ውፍረት ያላቸው ስድስት ዘንጎች ቁረጡ። ልጣጩን ሙሉ በሙሉ አንሱ፤ ልጣጭ ውሃ አያሳልፍምና ውጤቱን ያዛባል። ሦስቱን በንጹሕ ውሃ፣ ሦስቱን በ5 ግራሙ የጨው ውሃ ውስጥ 2 ሰዓት አቆዩ። አውጥታችሁ በሶፍት አድርቁና ለኩ። ከዚያ እያንዳንዱን በአንድ ጫፉ በሁለት ጣት ይዛችሁ አግድም ዘርጉት። በውሃ የነበረው ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ስታጥፉትም ቀጭ ብሎ ይሰበራል። በጨው የነበረው ያጥራል፤ ጫፉ ወደ ታች ይንጠለጠላል፤ እንደ ጎማም ይታጠፋል። በእጃችሁ የተሰማችሁ ልዩነት የሺዎች ቫኪዩሎች ግፊት ነው። ሦስት ሦስት ዘንግ የተባለው አንዱ ዘንግ ቢሳሳት ሁለቱ እንዲያርሙት ነው።

ቀይ ሥር። ቀዩ ቀለም ቤታላይን ይባላል፤ እሱም የሚኖረው በቫኪዩል ውስጥ ነው። 1 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ኩቦች ቁረጡና ውሃው ንጹሕ እስኪሆን ድረስ ደጋግማችሁ እጠቡ። እጥበቱ የግድ ነው፤ ቢላዋው የቀደዳቸው ሕዋሳት ቀለማቸውን ስለሚያፈስሱ ካልታጠበ ሁሉም ብርጭቆ ይቀላል፤ ማወዳደር አይቻልም። አንዱን ኩብ በቀጥታ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አኑሩ። ሌላውን በ70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውሃ ውስጥ 1 ደቂቃ አቆይታችሁ በቀዝቃዛ ውሃ ወደተሞላ ሁለተኛ ብርጭቆ አዛውሩ። ግማሽ ሰዓት ቆዩ። የመጀመሪያው ብርጭቆ ውሃ ንጹሕ እንደሆነ ይቀራል ወይም በጣም ፈዝዞ ይቀላል፤ ሁለተኛው ይቀላል። ሙቀቱ ሽፋኖቹን አበላሽቶ ከረጢቱን ከፈተው። ባልተነካው ኩብ ውስጥ ቀለሙ፣ አሲዱና አፍራሽ ኢንዛይሙ ሁሉ ተዘግቶበታል፤ ሳይቶፕላዝሙ ከራሱ ጎተራ የሚጠበቀው በዚህ ነው።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

አዮዲን መጠቀም። ኒውክለስን ለማሳየት ጥሩ ነው፤ ግን ሕዋሱን ይገድላል። በአዮዲን የተቀለመ ልጣጭ ላይ ጨው ውሃ ብታፈስሱ ምንም አይሆንም፤ እናንተም ጨውን ትወቅሳላችሁ።

ሌላ ቀይ ነገር መተካት። የቲማቲምና የካሮት ቀለም ያለው በቫኪዩል ውስጥ አይደለም፤ ክሮሞፕላስት በሚባሉ ሌሎች የሕዋስ አካላት ውስጥ ነው። የቅጠል አረንጓዴም በክሎሮፕላስት ውስጥ ነው። የድንች ስታርች እንዲሁ የቫኪዩል ይዘት አይደለም። ምትክ የምትፈልጉ ከሆነ ሐምራዊ የአበባ ቅጠልን ሞክሩ፤ በአብዛኛው እዚያ ያለው ቀለም የቫኪዩል ነው።

«ሕዋሱ ተሸማቀቀ» ብሎ መጻፍ። ግድግዳው ባለበት አለ። የተሸማቀቀው ከግድግዳው ውስጥ ያለው ነው፤ ከዚያም ውስጥ ውሃ ያጣው በዋናነት ቫኪዩሉ ነው።

ጨውን ማብዛት። «5 ግራም ከሠራ 20 ግራም ይበልጥ ይሠራል» የሚል አይጠፋም። ሕዋሱ ይሸማቀቃል፤ ነገር ግን አይመለስም። ደረጃ 9 ላይ የምታዩት ነገር አይኖርም።

ምንም ለውጥ ካላያችሁ ሦስት ነገር መርምሩ፦ ጨዋማው በእርግጥ በመሸፈኛው ሥር ተስቧል ወይስ ጎኑ ላይ ቆሟል? ልጣጩ ወፍራም ነው? ሽንኩርቱ በረዶ ቤት ገብቶ ነበር? በረዶ ሆኖ የቀለጠ ሽንኩርት ሽፋኖቹ ተቀዳደዋል፤ አዲስ አምጡ።

ሥዕሉና ጽዳቱ

13. ሁለት ሥዕል ሣሉ፤ ከጨው በፊትና ከጨው በኋላ። በሁለተኛው ላይ አራት ነገር አመልክቱ፦ ግድግዳውን፣ በጨው ውሃ የተሞላውን ክፍተት፣ ቀለም የሌለውን ቀጭን የሳይቶፕላዝም ጠርዝ፣ ሐምራዊውን ቫኪዩል። የቫኪዩሉ አመልካች መስመር በቀለሙ መሀል ይቁም። ቶኖፕላስት ብላችሁ መጻፍ ከፈለጋችሁ መስመሩ የቀለሙ ጠርዝ ላይ ይረፍ፤ ከጎኑም «ሽፋኑ ራሱ አይታይም» ብላችሁ ጻፉ። ምን ያህል እንዳጎላችሁም አትርሱ፤ የዓይን ሌንሱ 10 ከሆነና ኦብጄክቲቩ 40 ከሆነ 400 እጥፍ ነው።

14. ጨው ብረትንና ሌንስን ይጎዳል። የስላይድ ማስቀመጫውን በረጠበ ጨርቅ ከዚያም በደረቅ ጥረጉ። ኦብጄክቲቩ ጨው ከነካው በተጣራ ውሃ በረጠበ የሌንስ ወረቀት ቀስ አድርጋችሁ አንሱት፤ በሸሚዝ ጫፍ አይጠረግም። የአሞኒያ ስላይዶችን ለብቻ በብዙ ውሃ እጠቡ።